ፖፖ ይዞ ደቦ የወጣ ሰው

ልጅ የሌላችሁ ምስጢር አላችሁ፤ ልጅ ያለን ግን ጓዳችን አደባባይ ነው። የእኔ ጓዳ አደባባይ የወጣው በመዋዕለ ሕፃናት በኩል ነው። መምህሯ ልጆቹን ክብ አስቀምጣ "አባትሽ ምን ይሠራል? አባትህስ?" እያለች በየተራ ትጠይቃለች። የአንዱ አባት ባጃጅ ይነዳል፣ የአንዷ አባት ዲያቆን ነው፣ የሌላው አባት ብሎኬት ያመርታል። ተራው የእኔዋ ምሕረት ጋ ደረሰ። አምስት ዓመቷ ነው። ቀጥ ብላ ተነሣችና "አባቴ ይቀመጣል" አለች አሉ።

"ምን ላይ?" አለቻት መምህሯ።

"ደረጃ ላይ።"

ውሸት አይደለም። እኔ ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ ከቤተ መድኃኔ ዓለም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ እየዞርሁ አወራለሁ፤ እንግዳ ሲጠፋ እንግዶቹ የሚያርፉበት ሆቴል ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ዘንድሮ፣ እግዜር ይመስገን፣ እንግዳው ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል እንጂ፣ ያለፈውን ጊዜማ ያንን ደረጃ በመቀመጫዬ ሳለሰልስ ነው የከረምሁት። ይህን ሁሉ ለአምስት ዓመት ልጅ እንዴት ብላችሁ ታስረዳላችሁ? እሷ ያየችውን ተናገረች።

ባለቤቴ እናኑ ወሬውን ከመምህሯ ሰምታ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔም ሳቅሁ። እራት ሲቀርብ ግን ሁለቴ ጎርሼ እጄን ታጠብሁ። ሰው ሚስቱ ብትንቀው ይከራከራል፣ አለቃው ቢንቀው ያኮርፋል። ልጁ ሳትንቀው፣ እንዲያው በየዋህነት፣ "ይቀመጣል" ስትለው ምን ይላል? ልጄ መምህሯ ሌላ ቀን ብትጠይቃት ሌላ መልስ እንዲኖራት ፈለግሁ። ይኸው ነው ጥፋቴ። የቀረው መከራ ሁሉ ከዚህች የመጣ ነው።

እንግዲህ በዚህ ስሜት ላይ ሳለሁ አማቴ አያ ደምሌ ከገነተ ማርያም በላይ ካለው መንደራቸው ደወሉ። እናኑ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ታወራቸዋለች። ገብሱ ደርሷል፣ ሐሙስ ደቦ ጠርቻለሁ አሉ። ለምን ሐሙስ እንዳትሉኝ። በእኛ አገር ከወሩ ቀን ማርያምን፣ ሚካኤልን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔ ዓለምንና ሁለቱን ሰንበት ቀንሳችሁ የምትተርፈው ቀን ናት የገበሬ ቀን፤ የዚያ ሰሞን የተረፈችው ሐሙስ ነበረች።

"እኔም መጥቼ አጭዳለሁ" አልሁ ከወዲያ ጥግ ሆኜ።

ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ" አልሁ።

"አለሁ" አሉ አያ ደምሌ። "ማነው የሚያጭደው?"

"እኔ ነኝ።"

ትንሽ አሰቡና "በል እናኑን መልስልኝ" አሉ።

አያ ደምሌ አይጠሉኝም። ልጃቸውን ሲድሩልኝ ግን "ድንጋዩን የጠረቡት እንኳ ሥራቸውን ጨርሰው ዐርፈዋል፤ አንተ ስለነሱ አውርተህ የምትጨርሰው መቼ ነው?" ብለውኛል። የሰርግ ቀን ስለነበረ እንደ ምርቃት ቆጥሬው አሜን አልሁ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ምሕረት ሁሉንም ሰምታለች። "አባዬ፣ ስታጭድ ከሁሉም ሰው ትበልጣለህ?" አለችኝ። አይ ልጄ፣ እኔ ማጭድ የያዝሁት በልጅነቴ ለጥንቸል ሣር ስቆርጥ ነው ማለት ነበረብኝ። "እንዴታ" አልሁ። በማግስቱ ሰፈሩ፣ ባለሱቁና መምህሯ ጭምር አባቷ ሐሙስ ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ሕፃን ይዞ ከቤት መውጣትን የማያውቅ ሰው ዘመቻ የሚከብድ ይመስለዋል። እኛ ለአንድ ቀን ደቦ ስንነሣ ብርድ ልብስ፣ ጡጦ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ቅያሬ ሱሪ፣ የቅያሬው ቅያሬ ይዘናል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ፤ አጥንቱን ትተን ሹራቡን በሦስት ደረብን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፖፖ ነበረ። ትንሹ ልጃችን ዮናስ ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ እናኑ ፖፖ ላይ መቀመጥ እያለማመደችው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ሰማያዊ ፖፖ ባርኔጣም፣ ከበሮም፣ መኪናም አድርጎታል። ለተፈጠረበት ሥራ ግን አንድ ቀን አላዋለውም።

"ፖፖው ይቅር" አልሁ።

"ልምምዱ ከተቋረጠ እንደገና ከሀ ነው የምንጀምረው" አለች እናኑ። እናኑ አስተማሪ ብትሆን ኖሮ አገር ይለወጥ ነበር።

ባጃጁ መንገዱ እስከፈቀደለት ወሰደን፤ ከዚያ በእግር ሆነ። እናኑ ዮናስን አዝላለች፣ እኔ ሻንጣ ተሸክሜያለሁ፣ ሻንጣው ስለሞላ ፖፖው እጄ ላይ ነው። ደቦ የሚሄድ ሰው ትከሻው ላይ ማጭድ ያንጠለጥላል። እኔ ፖፖ ይዣለሁ። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አገኙንና ሰላምታ ተለዋወጥን።

"ወዴት ነው በጠዋቱ?"

"አያ ደምሌ ማሳ፣ ለደቦ።"

ፖፖውን አዩት። እኔንም አዩኝ። "ይቅናችሁ" ብለው አለፉ።

ክረምት ያጠባት ላስታ ጥሩ ነበረች። ዳገቱ ሁሉ ገብስ በገብስ ሆኖ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፣ ይነሣል። ምሕረት ከመንገድ ዳር የባቄላ እሸት እየፈለፈለች "አባዬ፣ ይህን ሁሉ ታጭደዋለህ?" ትላለች። እኔ ዳገቱን አይቼ ወገቤን ዳበስሁ።

ማሳው ጋ ስንደርስ ሰዉ ጀምሯል። አያ ደምሌ መሐል ቆመዋል፤ የሚያዩት ግን አጫጆቹን አይደለም፣ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ነው። ተራራው ራስ ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል። በዚህ ወቅት ደመና ቦታው አልነበረም። የደረሰ ገብስ ዝናብ ከመታው ይረግፋል፤ ታጭዶ ሳይከመር የራሰው ደግሞ ነዶው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ያ ማሳ የእሳቸው የዓመት ቀለብ ነው፤ ጆንያ ሙሉ ለእኛም ይደርሰናል። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ተከምሮ ያን ዕለት ማለቅ ነበረበት።

ሰዉ ደግሞ አነሰ። ብዙው ወንድ ደመናውን አይቶ በየማሳው ተጣድፏል። ሴቶቹ መጥተዋል፤ የመጡት ግን ልጆቻቸውን አዝለውና አስከትለው ነው። በፊት በደቦ ቀን የመንደሩን ልጅ ሁሉ ማሳው ዳር ካለችው ወይራ ሥር ሰብስባ የምትጠብቀው የእናኑ እናት ነበረች። ቁርበቷን አንጥፋ ትቀመጣለች፤ የአንዱን ንፍጥ ትጠርጋለች፣ ሌላውን ትቆነጥጣለች፣ እናቶቹም ያጭዳሉ። አምና ዐረፈች። ወይራዋ ሥር ማንም የለም።

ማጭድ ተሰጠኝ። ከጎኔ ፈንቴ የሚባል የደቦው አቀንቃኝ ተሰለፈ፤ እጁም አፉም የማያርፍ ሰው ነው። እሱ አንዴ ሲያጭድ የእኔ ገብስ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል። ሁለተኛ ስሞክር የገብሱ ፂም እጅጌዬ ውስጥ ገባና ይለበልበኝ ጀመር። ሦስተኛው ግን ተሳካ። የጫማዬ ማሰሪያ ተቆረጠ። ፈንቴ ይህን ጊዜ አላለፈኝም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

ያ የከተማው ሰው ምን ይዞ መጣ፣
ገብሱ ቆሞ ቀረ ወገቡ ታጣ።

አጫጁ ሁሉ "ታጣ፣ ታጣ" እያለ ተቀበለ። ምሕረትም ከመንደሩ ልጆች ጋር ሆና፣ ስለ ማን እንደሚዘፈን ሳታውቅ፣ እያጨበጨበች ትቀበላለች። ዜማው ደስ ስለሚል እኔም ሳላስበው አንድ ሁለቴ ተቀብያለሁ።

"አባዬ" አለች ቀረብ ብላ፣ "ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ሄደ። አንተ ለምን ወደ ኋላ ነው የምታጭደው?"

እግዜር ይስጠው፣ ዮናስ አለቀሰልኝ። እናኑ የያዘችውን ጭብጥ ጥላ ወደሱ ሄደች። ከእሷ ወዲያ እታገኝ የምትባል ጎረቤት አለች፤ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ይዛ ነው የመጣችው። ሁለት ጭብጥ ታጭዳለች፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ትሮጣለች፣ ትመለሳለች። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ማሳው ላይ ከሚታጨደው ይልቅ የሚሮጠው ይበዛል። ደመናው ወርዶ የተራራውን ትከሻ ሸፍኗል።

አያ ደምሌ ሁሉን አዩና ወደኔ መጡ። "ልጄ" አሉኝ፣ ደግ ድምፅ ነበር፣ "ማጭዱን ለእናኑ ስጣት።"

"እያጨድሁ እኮ ነው አያ።"

"አይቻለሁ። ልጁን አንተ ያዝ።"

ፈንቴ እንኳ ዘፈኑን አቆመ። የዘፈነባችሁ ሰው አዝኖላችሁ ዝም ሲል ነው ውርደቱ የሚሰማችሁ። ዮናስን አቅፌ፣ ፖፖውን አንጠልጥዬ፣ ማሰሪያ የሌለው ጫማዬን እየጎተትሁ ወይራዋ ሥር ሄድሁ። ምሕረት ተከትላኝ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ተቀመጥህ?" አለችኝ።

"ተቀመጥሁ።"

ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ እታገኝ መጣች፤ ተሽኮርምማለች። "ወንድምዓለም፣ ነውር ካልሆነብህ ይችን ለአንድ አፍታ ብትይዝልኝ" አለችና ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እንቢ የማለት አቅም አልነበረኝም። ይህን ያየች ሌላዋ ሁለቱን አመጣች። ሦስተኛዋ እንኳ አላስፈቀደችም፣ ከሩቅ ጠቁማ ላከቻቸው። ጥቂት ቆይቶ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እኔ ላይ ነው። አንዱ ያስነጥሳል፣ አንዷ ፀጉሬን ትጎትታለች፣ ሁለቱ በዱላ ይደባደባሉ፤ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ያየኛል፤ የፈራሁት እሱን ነው።

ቀድሞ የመጣብኝ ሥጋት ተበትነው ማጭድ ሥር እንዳይገቡ ነበር። ሙያዬ ትዝ አለኝ። እንግዳ እንዳይበተንባችሁ ከፈለጋችሁ ጫማ ታስወልቃላችሁ፤ ጫማ የሌለው እንግዳ ሩቅ አይሄድም። ከታጨደ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው የገብስ አገዳ ደግሞ እንደ መርፌ ነው። "እዚህ ሥፍራ በጫማ አይገባም፤ ሁላችሁም አውልቁ" አልሁ፣ ድምፄን አሳምሬ። አርአያ ለመሆን ቀድሜ እኔ አወለቅሁ። ልጆቹ የላስቲክ ጫማቸውን እየወረወሩ አወለቁ። ሁሉንም ሰብስቤ ወይራዋ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልሁት።

የላስታ ልጅ እግር ምን እንደሆነ የረሳሁት ያኔ ነው። ጫማው ሲወልቅላቸው ይብስ ቀለላቸው። ያንን መርፌ እንደ ምንጣፍ እየረገጡ በአራቱም ማዕዘን ተበተኑ። እኔ ተከትዬ አንድ እርምጃ ብራመድ ከተረከዜ እስከ አናቴ ወጋኝና ተመልሼ ሣሩ ላይ ወጣሁ። ጫማዬንም ቅርንጫፉ ላይ ከልጆቹ ጫማ ሥር ቀብሬዋለሁ። የከተማ እግር ያላት ምሕረት ብቻ ቀረችልኝ።

"አባዬ፣ ሄዱ እኮ" አለች፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት።

"ምን ይሻላል?"

ዙሪያዋን አየችና ፖፖውን አንሥታ ሰጠችኝ። ገልብጬ እንደ ከበሮ መታሁት። አንዱ ልጅ ዞር አለ። ደገምሁት። ያ ዝም ብሎ የሚያየኝ ልጅ መጥቶ አፍንጫዬ ሥር ቆመና "ምንድን ነው?" አለኝ። እንግዲህ አስጎብኚን "ምንድን ነው" ብሎ የጠየቀ የራሱ ጉዳይ ነው። "ይህ የምታዩት ሰማያዊ ዕቃ" አልሁ፣ "ከሩቅ አገር በመርከብ፣ ቀጥሎ በመኪና፣ ቀጥሎ በባጃጅ ተጉዞ፣ በመጨረሻም በእኔ እጅ ዳገት ወጥቶ እዚህ ደርሷል። በዓለም ዙሪያ ሰው ቁጭ የሚልበት እንጂ የሚጋልበው አይደለም።" ሁሉም መጡ። ምሕረት አሰለፈቻቸው። በየተራ እየተቀመጡ ይነሣሉ፤ ማንም ሱሪውን አላወለቀም፣ ለክብሩ ያህል ነው። ዮናስ ብቻ ተራው ሲደርስ እንደ ልማዱ ጭንቅላቱ ላይ አደረገው።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ቢሉም፣ ልጅ ዝም ያለበት ሰዓት ለብዙ ይበቃል። ቀና ብዬ ማሳውን አየሁ። ሴቶቹ በአንድ መስመር ገብተዋል። እናኑ ከፈንቴ ቀድማለች። እናኑን ካገባሁ ጀምሮ እንዲህ ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ጭብጡን እየጠቀለለች ታስቀምጠዋለች። ሚስቴ ከተማ ገብታ ከእኔ ጋር ስትኖር ምን ጥላ እንደመጣች ያኔ ገባኝ፤ ኮራሁባት፣ ትንሽም አፈርሁ። ፈንቴም አየና ዜማውን ለወጠ፦

ነይ ውረጅ ወደ ማሳው ልጅሽን ጥለሽ፣
ወንድ ሞግዚት መጣ እሰይ ደስ ይበልሽ።

ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም። ሴቶቹ ግን እልል አሉ።

የፖፖው ጉብኝት ሲያልቅ ልጆቹ መነጫነጭ ጀመሩ። ፖፖውን ወይራዋ ግንድ ኋላ አስቀመጥሁና የቀረኝን ብቸኛ ሀብት አወጣሁ፤ ረጅሙን ገለጻዬን። ይህን ገለጻ ለእንግዳ ስሰጥ ቤተ ማርያም ላይ ያዛጋሉ፣ ቤተ ጎልጎታ ላይ ግድግዳ ይደገፋሉ። አለቆቼም አሳጥረው ብለው ለምነውኛል። ዕድሜ ልኬን አድማጭ አጣሁለት ብዬ ያዘንሁበት ነገር መድኃኒት ነበረ ለካ። ንጉሡ ገና ዙፋኑ ላይ ሳይወጣ የእታገኝ ልጅ አንቀላፋች። መላእክቱ መጥረቢያቸውን ሲያነሡ ሁለቱ ተደባዳቢዎች ተቃቅፈው ተኙ። ያ የሚያየኝ ልጅ እንኳ ዐይኑን ከደነ። ዮናስም፣ ምሕረትም እግሬ ላይ ተኙ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ገለጻውም ገለጻ ነው፤ እኔም አድማጭ ነኝ።

የቀሰቀሰኝ ነጎድጓድ ነው። ማሳው ባዶ ሆኗል። ገብሱ በሙሉ ታጭዶ ታስሯል፤ ሰዉ ነዶ እየተሸከመ ወደ ክምሩ ይሮጣል፣ አያ ደምሌ ክምሩ አናት ላይ ሆነው እየተቀበሉ ይደረድራሉ። ልጆቹን በዐይኔ ቆጠርሁ። ዮናስ የለም።

በዙሪያዬ ፈለግሁ፤ የለም። ብርድ ልብሱን ገለጥሁ፤ የለም። በየቦታው ወድቆ ያለውን ነዶ አየሁ። አንዱ ሥር ገብቶ ተኝቶ ቢሆንስ? ተሸክመው ቢከምሩትስ? ከዚያ በኋላ እግሬን አላስታውስም። ያንን እንደ መርፌ የሚወጋ መሬት ባዶ እግሬን ከዳር እዳር ሮጥሁበት። "አቁሙ፤ ክምሩን አቁሙ፤ ልጄ ውስጡ አለ" እላለሁ።

ሰዉ ባለበት ደረቀ። እናኑ የተሸከመችውን ነዶ ጣለችና ስሜን ጠራች፤ ስሜን ብቻ ነው የጠራችው። አያ ደምሌ ክምሩ ላይ ሆነው ሰሙ። ጎንበስ ብለው፣ ከጠዋት ጀምሮ በጭንቀት ሰማይ እያዩ የዋሉበትን፣ ነዶ በነዶ የደረደሩትን ክምር በሁለት እጃቸው ይንዱት ጀመር። የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ።

"አያ፣ ዝናቡ" አላቸው ፈንቴ።

"ይበስብስ" አሉ። "ገብስ ሌላ ዓመት ይበቅላል። ናዱ።"

ሁላችንም ተረባርበን እንንድ ጀመር። እናኑ ነዶውን እየበታተነች ታለቅሳለች። ክምሩ ግማሽ ሲደርስ ከወይራዋ በኩል የምሕረት ድምፅ መጣ። እንቅልፏን አልጠገበችም፤ ተበሳጭታለች።

"አባዬ! ዮናስ ካካ ብሏል!"

ዞርን። ምሕረት የወይራዋ ግንድ ኋላ ቆማ በጣቷ ወደ ታች ታመለክታለች። እዚያ፣ እኔ ያስቀመጥሁበት ቦታ፣ ዮናስ ሱሪውን እንደ ምንም ታግሎ ዝቅ አድርጎ፣ ሰማያዊው ፖፖ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የተፈጠረበትን ሥራ አግኝቶታል። አገር ሲታመስ እሱ ፊቱን ወደ ተራራው አድርጎ ያስባል።

መጀመሪያ የሳቁት አያ ደምሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፈች ወዲህ ሲስቁ የሰማቸው አልነበረም። ክምሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ሰዉን ምን እንደነካው አላውቅም፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ልጅ የተኛላት እናት ሁሉ፣ እየሳቀ ነዶውን አነሣ። የተናደው ክምር ሲሠራ ከፈጀው ባነሰ ጊዜ ተመልሶ ቆመ። ጫፉን በሣር ሸፍነው ሲወርዱ ዝናቡ ለቀቀው። የውጨኛው ነዶ ጥቂት ረጥቧል፤ ውስጡ ደረቅ ነበር።

እየሮጥን ቤት ገባን። ልጅ በየጀርባው፣ ልጅ በየብብቱ፣ ጫማው ሁሉ በአንድ ጆንያ። ደጃፉ ላይ እግሬን አየሁት፤ ደም በደም ሆኗል። አያ ደምሌም አዩት። ውሃ አስመጡና፣ ሰው ሁሉ ያየኛል እያልሁ ስሸማቀቅ፣ በራሳቸው እጅ አፈሰሱልኝ። እኔ "ኧረ አያ፣ ይተዉ" እላለሁ፤ እሳቸው አይሰሙኝም። ሲጨርሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቁርበት አወረዱ። የባለቤታቸው ነው፤ ወይራዋ ሥር የምታነጥፈው። ከሞተች ጀምሮ ከተሰቀለበት አልወረደም። አራገፉትና ምድጃው አጠገብ አነጠፉት።

"ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀመጥሁ። ጠላው ሲመጣልኝ በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ደቦ ብድር ነው፤ ዛሬ የመጣልህን ነገ ትሄድለታለህ። ማክሰኞ ለእታገኝ ማሳ ሰው መላክ የአያ ደምሌ ተራ ነው። "ማንን ልላክልሽ?" አሏት፣ እናኑን እያዩ። ያን ቀን ከወንዶቹ እኩል ያጨደች እሷ ናት።

"እናኑ አንጀቴ ናት" አለች እታገኝ፣ "ግን እሱን ላኩልኝ።"

"ከእኔ ቀጥሎ ይምጣ" አለች ሌላዋ። "እኔማ ከሐሙስ አላሳልፍም" አለች ሦስተኛዋ። "ፖፖውን እንዳይረሳ ንገሩት" አለ ፈንቴ ከጥግ። በእኔ ተከራከሩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በእኔ ተከራክሮ አያውቅም። ምሕረት መሐላቸው ቆማ አንድ በአንድ እያየች ታዳምጣለች።

ወደ ቤታችን ተመለስን። መኸሩ እስኪያልቅ ሆቴሉ ደረጃ ላይ ያገኘኝ ሰው ጥቂት ነው። እንግዳ ሲኖር ከእንግዳ ጋር ነኝ፤ እንግዳ በሌለበት ቀን ዳገት እወጣለሁ። ዮናስም ልምምዱን ጨርሷል፤ ፖፖው አሁን የሥራ ዕቃዬ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ምሕረትን ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ መምህሯ በሩ ላይ አስቆመችኝ። የአባቶችን ሥራ ደግማ ጠይቃ ኖሯል።

"ምን አለች?" አልሁ።

"'አባቴን ደቦ ይጠሩታል' አለች። ሌሎቹ ልጆች አፋቸውን ከፈቱ። እኔም ገርሞኝ 'ምን ሊሠራላቸው?' አልኋት።"

"እሺ?"

መምህሯ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "'ሊቀመጥላቸው' አለች፤ ደግሞ ስትኮራ።"

ምሕረት እጄን ይዛ ወደ ቤት ትጎትተኛለች። ይህም ውሸት አይደለም።